ሳይሰግዱ ማየት

«ያሳደግነው እኛ፣ የምትወስነው እሷ» አለ አባቴ ከኮምፔንሳቶው ወዲያ። ገና በደንብ አልነጋም። የቤታችን ግድግዳ ኮምፔንሳቶ ስለሆነ ምስጢር የሚባል ነገር የለንም፤ አባቴ ጎኑን ሲያገላብጥ እንኳ የምነቃው እኔ ነኝ። እናቴ መተኮሷን ቀጠለች። ካውያዋ ብቻ እርጥብ ጨርቅ ላይ ሲንሿሿ ይሰማኛል። የሰው ሸሚዝ ነው የምትተኩሰው፣ አንዱን በአሥር ባት፤ እጅጌው ተጨማደደ ተብሎ ከተመለሰባት ደግሞ በነፃ። «መውለዱንስ ወልዳዋለች፣ አልካድኩም» አለ አባቴ። «ገና በዘጠኝ ዓመቱ ጭንቅላቷን ተላጭታ ገዳም ስትገባ ምሳውን ማን ቋጠረለት? ጎርፍ ሲሆን አዝሎ ትምህርት ቤት ያደረሰው ማነው? አሁን ሐኪሙ እናትየው ትምጣ ይላል። እናትየው ማናት?» እናቴ «ቀስ በል፣ ልጅቷ ትሰማለች» አለችው። «ትስማ» አለ። እኔም ሰማሁ፤ ከዚያ ተነስቼ ፊቴን ታጠብኩ።

ዮት የዚህችው ገዳም የገባች አክስቴ ልጅ ነው፤ ግን ከኔ ጋር አንድ ምንጣፍ ላይ ስላደገ ወንድሜ ነው የምለው። በሞተር ምግብ ያደርስ ነበር። ዝናቡ ሲጀምር ዎንግዊያን ያይ አደባባይ ላይ ፒካፕ ገጨው። የያዘው የሰው ሾርባ አስፋልቱ ላይ ፈሰሰ፤ ያዘዘችው ሴትዮ ደውላ «የት ደረስክ፣ ራበኝ እኮ» ስትል ስልኩን ያነሳው ፖሊስ ነው። ከዚያ ወዲህ የመንግሥት ሆስፒታል ስድስተኛ ፎቅ ላይ ተኝቷል፤ በጉሮሮው ቱቦ ገብቶ፣ ዓይኑ ግማሽ ተከፍቶ። ማሽን ነው የሚተነፍስለት። ስልኩን ቦርሳዬ ውስጥ አድርጌዋለሁ፤ መልእክት ስልክለት እዚያው ጎኔ ላይ ይንቀጠቀጣል። ትስቁብኝ ይሆናል እንጂ መላኩን አልተውኩም።

ሐኪሙ በዚህ ሳምንት ሁለቴ ጠርቶን «ወደ ቤት ውሰዱት» አለ። ወደ ቤት ማለት ምን እንደሆነ እኛ ሰፈር ያልገባው የለም። አምቡላንስ ደጅ ድረስ ያመጣዋል፣ ዘመድ ይሰበሰባል፣ ይቅር በለን ይባላል፣ ከዚያ ነርሷ ቱቦውን ታወጣዋለች። ቃሉን ግን የወለደችው ትስጥ ብሏል፣ እስከ ዛሬ ማታ። አክስቴ ትናንት ሲጠይቋት ምን አለች፣ «ነገ ፈረንጇ ፊት ብርሃኑ ከሰማኝ፣ ማታ ቃሌን እነግራችኋለሁ።» ብርሃኑ የምትለው ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ለሙከራ በሐሳቧ የምታየውን የሌዘር ብርሃን ነው፤ ፈረንጇም ያንን ልትመረምር የመጣች ሳይንቲስት ናት። ከሄደች በኋላ አባቴ «በቃ፣ ብርሃኑ ከሰማት እንዲሁ እንደተጋደመ ልታስቀረው ነው» አለ። ሁላችንም የገባን እንደዚያ ነው። ብርሃኑ ከሰማት ዮት ይቆያል፤ ካልሰማት ወደ ቤት ይመጣል። እኔ እንዲሰማት ነው የፈለግኩት። እንደሚነሳ አምኜ አይደለም። ተኝቶም ቢሆን መኖሩን ለምጄዋለሁ።

ወደ ዩኒቨርሲቲው ልንሄድ አክስቴን ከገዳሙ በር ላይ ተቀበልኳት። እማሆይ ሳንጉዋን ነው ስሟ። ነጭ በነጭ ለብሳለች፤ ራሷም ቅንድቧም የተላጨ ነው፤ ቅንድብ ስለሌላት ደግሞ ስትቆጣና ስትደሰት አይለይም። አውቶቡሱ ውስጥ አንድ ተማሪ ተነስቶ አስቀመጣት፤ እኔ ቆምኩ። የአሳማ ሥጋ ጥብስ በስንጥር ይዤ ነበር፣ እየበላሁ ነው የማወራት።

«እናትሽ ምን አለች?» አለችኝ።

«ምንም።»

«አባትሽስ?»

«ብዙ።»

ወደ መስኮቱ ዞረች።  ድልድዩ ላይ መኪናው ሁሉ ቆሞ ነበር፤ ወንዙ ላይ በጀልባ የሚጎተተው የአሸዋ ክምር ከኛ ይፈጥናል።

ዩኒቨርሲቲው ትልልቅ የሲሚንቶ ሕንፃዎች አሉት፤ የኛ ሙከራ ግን የሚካሄደው ግቢው ጥግ ላይ፣ ድሮ መምህራን ይኖሩበት በነበረ የእንጨት ቤት ፎቅ ላይ ነው። ሙከራውን የሚመራው ዶክተር ፓሪን «ሲሚንቶውን ለእውነተኛ ፊዚክስ ሰጡት» ይላል እየሳቀ፤ ሲስቅ ግን ጥርሱን አያሳይም። ሠላሳ አምስት ቢሆነው ነው፣ የመነጽሩን እጀታ በፕላስተር ጠግኖታል፤ ይሄ ነገር ዘንድሮ ካልተሳካ የእንጨት ቤቱንም ይነጥቁታል ይባላል። የሚያጠናውን ገና በመጀመሪያው ቀን አስረድቶኛል። እኔ ከዘጠነኛ ክፍል ያቆምኩ ስለሆንኩ እንደገባኝ ነው የምነግራችሁ። ብረት ሳጥን ውስጥ ቀይ ሌዘር አለ። ፊት ለፊቱ ፀጉር የሚያክሉ ሁለት ስንጥቆች አሉ። ብርሃኑን ማንም ካላየው በሁለቱም ስንጥቅ አንድ ላይ ይገባና ከወዲያ በኩል ቀይና ጥቁር፣ ቀይና ጥቁር እያለ ዝንጉርጉር መስመር ይሠራል። በየትኛው እንደሚገባ ካዩት ግን እንደ ጨዋ ልጅ አንዱን መርጦ ይገባል፤ ዝንጉርጉሩም ይጠፋል። «እኔም እንደዚያው ነኝ» አልኩት፣ «እናቴ ካላየችኝ ሁለት ቦታ ነው የምገኘው።» ያን ዕለት ብቻ ጥርሱን አይቻለሁ። ጥያቄው እንግዲህ ይሄ ነው፤ ብርሃኑን የሚለውጠው መሣሪያው ነው ወይስ የሰው ንቃተ ሕሊና? ሰው ሦስት ሜትር ርቆ ተቀምጦ፣ ሳጥኑን ሳይከፍት፣ በሐሳቡ ብቻ ቢያየው መስመሩ ይደበዝዛል ወይ? ብዙዎቹ የፊዚክስ ሰዎች ይሄን ሲሰሙ ሻያቸውን አንስተው ወደ ሌላ ጠረጴዛ ይሄዳሉ አለኝ።

ለዚህ ሥራ ሐሳቡ የማይበተን ሰው ያስፈልጋል። ስለዚህ ዶክተር ፓሪን ከየገዳሙ በአርምሞ የኖሩ ሰዎችን ለመነ። ከፍ ያለው ደውል ሲመታ ብርሃኑን በሐሳብ ማየት ነው፤ ዝቅ ያለው ሲመታ መተው ነው፤ ግማሽ ደቂቃ ይሄ፣ ግማሽ ደቂቃ ያ። ሌሎቹ ሲያዩት ምንም አልሆነም። አክስቴ ስታየው መስመሩ ደበዘዘ። በሌላም ቀን ደበዘዘ። የኔ ሥራ መቀመጥ ነው። እማሆይ የሆነች ሴት ወንድ ባለበት ቤት በር ዘግታ ብቻዋን አትቀመጥም፤ ከቤተሰብ አንዲት ሴት ትኑር ተባለ። እናቴ ካውያ አላት፣ እኔ ምንም የለኝም። ጥግ ላይ ምንጣፍ ዘርግተውልኝ «ዓይንሽን ጨፍኚ፤ ስለ ብርሃኑም እንዳታስቢ» አሉኝ። ስለ ሙዝ ጥብስ አስባለሁ። ካሜራ የለም፤ ካሜራም ያያላ፣ ሙከራውን ያበላሸዋል። ክፍሉ ውስጥ ያለነው ሳጥኑ፣ አክስቴ፣ ማራገቢያውና እኔ ነን።

ዮት ከተገጨ በኋላ አክስቴ ከሰዓት ከሰዓት ሆስፒታል እየሄደች አልጋው ግርጌ መቆም ጀመረች። አትነካውም፤ ከዚያው ሆና፣ ብርሃኑን እንደምታየው ታየዋለች። «ሐሳቤ ብረት አልፎ ብርሃን የሚነካ ከሆነ የልጄን ግንባር ማለፍ አያቅተውም» አለች አንድ ቀን። እናቴ የዮትን ጥፍር እየቆረጠች ነበር። የጨረሰችውን እጅ አስቀምጣ ሌላኛውን አነሳች።

ፈረንጇ ዶክተር ማራይከ ትባላለች፣ ከሆላንድ። ራሷ የበሩን መቃን ሊነካ ምንም አልቀረው። ድሮ ቺያንግ ማይ ስለኖረች ቋንቋችንን ታውቃለች፣ ግን እንደ ዜና አንባቢ ነው የምትናገረው። ለአክስቴ መዳፎቿን ገጥማ ጎንበስ አለች፤ ለኔም እንደዚያው። «ዛሬ ምንም አልነካም» አለች። «እንደ ሁልጊዜው ይሁን። እኔ ከጎረቤት ክፍል ሆኜ መስመሩን ብቻ አያለሁ።» ዶክተር ፓሪን ሸሚዙን አስተኩሶ መጥቷል፤ እናቴ ብታየው ኮሌታው ላይ እንደተቃጠለ ትነግረው ነበር። ወጡ፣ በሩ ተዘጋ፣ መብራቱ ጠፋ። ከፍ ያለው ደውል መታ። አክስቴ እንደ ሁልጊዜዋ ልብሷን ሰበሰበች፣ ጉልበቷ ወለሉን ነካ፣ መዳፏ፣ ግንባሯ፤ ተነሳች፣ ደገመች፣ ሠለሰች። ከዚያ ዝም። ለኔ ይሄ ድምፅ እንደ ማራገቢያው ድምፅ ነው፣ መስማቱን ከተውኩት ቆይቻለሁ።

ሲጨርሱ ዶክተር ፓሪን በሩን ከፍቶ «ደበዘዘ፣ እማሆይ» አለ። «ዛሬም ደበዘዘ።» አክስቴ ራሷን ዝቅ አደረገች። ማራይከ ከኋላው ወረቀት ይዛ መጣች፤ አልሳቀችም፣ አልተኮሳተረችም።

«ይቅርታ፣ እማሆይ» አለች። «ደውሉ ልክ እንደመታ ምን ያደርጋሉ?»

«እሰግዳለሁ። ከዚያ አያለሁ።»

«ይሰግዳሉ?» አለ ዶክተር ፓሪን።

«ሦስት ጊዜ።»

«ነግረውኝ እኮ አያውቁም።»

«አልጠየቅከኝማ። አንተ ሰው ቤት ስትገባ ጫማህን ታወልቃለህ፤ ይሄው አወለቅኩ ብለህ ታስነግራለህ?»

«ለማን ነው የሚሰግዱት?» አለች ማራይከ።

«ለሚታየው። ሳይሰግዱ ማፍጠጥ ብልግና ነው።»

«ዝቅ ያለው ደውል ሲመታስ?»

«ያ መተው ነው። ለመተው አይሰገድም።»

ማራይከ አንገቷን ነቀነቀች። አላሾፈችም፤ የተባለችውን ወረቀቷ ጥግ ላይ ጻፈች።

አክስቴ ከእኩለ ቀን በኋላ እህል ስለማትቀምስ ምሳዋን በጊዜ በረንዳው ላይ አቀረብኩላት። ከተማሪዎቹ ካፌ የገዛሁት ሩዝና እንቁላል ነው፣ አርባ ባት፤ ማንኪያ ግን ረስተው ነበር። ማንኪያ ልጠይቅ ኮምፒውተሩ ወዳለበት ክፍል ስገባ ሁለቱ ጀርባቸውን ሰጥተውኛል። ማራይከ በጣቷ እያሳየችው ነው። «ደውሉ ከመታ በኋላ እየው፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ከፍ ያለው ደውል በመታ ቁጥር ግራፉ ላይ ሦስት ጥርስ የመሰለ ሹል አለ። አማካዩን ወደ ታች የሚጎትቱት እነሱ ናቸው። ሐሳብ ጥርስ አያወጣም።» ከዚያ ባዶ እግሯን አንስታ በተረከዟ ወለሉን ቀስ አድርጋ መታችው። ኮምፒውተሩ ላይ ያለው ቀይና ጥቁር መስመር እንደ ተነካ ውሃ ተንቀጠቀጠና ደበዘዘ። ተረከዟ ሲያርፍ ተመልሶ ጠራ። «ወለሉ ነው» አለች። «ጣውላው ይነቃነቃል፣ ሳጥኑ አብሮ ይነቃነቃል።»

«ከጠረጴዛው ሥር ጎማ አድርጌ ነበር» አለ ዶክተር ፓሪን።

«ጎማው አርጅቷል።»

ወንበር ላይ ተቀመጠ። መነጽሩን አውልቆ ፕላስተሩን በጥፍሩ ይልጠው ጀመር። እሷም ጎኑ ተቀመጠች። «ከሰዓት እንድገመው» አለችው። «አይስገዱ፣ እንዲሁ ቁጭ ብለው ይዩት። ከዚህ ሌላ ምንም አንቀይርም፤ ሁለት ነገር ከቀየርን የትኛው እንደሆነ አናውቅም። ያው ክፍል፣ ያው ምንጣፍ፣ ያቺ ልጅ እንኳ በቦታዋ።»

ያቺ ልጅ እኔ ነኝ። ዞር ብለው አዩኝ።

«ማንኪያ ፈልጌ ነው» አልኩ።

ዶክተር ፓሪን ከመሳቢያው ማንኪያ አውጥቶ በሸሚዙ ጫፍ ጠረገልኝ። «ጂያፕ፣ አሁን ለእማሆይ አትንገሪያቸው» አለኝ። «ካወቁ ሐሳባቸው ይበተናል፣ ሙከራው ሙከራ አይሆንም። ሲያልቅ እኔ ራሴ እነግራቸዋለሁ።» እሺ ብዬ ማንኪያውን ይዤ ወጣሁ።

አክስቴ ሩዙን ቀስ እያለች፣ እንደ ደንቧ፣ እያንዳንዱን ጉርሻ እያሰበችው በላች። ትንሽ ቆይቶ ዶክተር ፓሪን መጥቶ የሚቀጥለውን ሳይሰግዱ እንድታየው ለመናት፤ ለምን እንደሆነ አልነገራትም፣ እሷም አልጠየቀችውም። እሱ ሲሄድ «ይቻላል?» አልኳት።

«ብርሃኑ ይታዘበኛል እንጂ ይቻላል።»

«ባይሰማሽስ፣ አክስቴ?»

«ካልሰማኝ አልሰማኝም ማለት ነዋ።»

«ዮትስ?»

ሳህኑ ላይ የቀረችውን ሩዝ በማንኪያው ጀርባ ወደ መሃል ሰበሰበች። «ማታ እነግራችኋለሁ አልኩ አይደል። አንቺ ደግሞ እንደ አባትሽ ነገር ትደጋግሚያለሽ።» ከዚያ በልታ ጨረሰች፣ ሳህኑን አጥባ አስቀመጠች።

ከሰዓት ክፍሉ ይሞቃል፣ ቆርቆሮው ይንጣጣል። ቦታዬ ላይ ጉልበቴን አጥፌ ተቀመጥኩ፣ ዓይኔን ጨፈንኩ። መብራቱ ጠፋ። ከፍ ያለው ደውል መታ። አክስቴ አልተንቀሳቀሰችም። ስግደቱ ሲቀር ክፍሉ ምን ያህል ዝም እንደሚል ያኔ ነው ያወቅኩት። ብርሃኑ አሁን በሁለቱም ስንጥቅ እየገባ ነው ብዬ አሰብኩ፤ አታስቢ ተብያለሁ፣ ግን አሰብኩ። ዝቅ ያለው መታ። ከፍ ያለው እንደገና መታ፣ እንደገና ዝም። ጎረቤት ክፍል ፈረንጇ የጠራ መስመር እያየች ነው፤ ማታ አክስቴ አልሰማኝም ትላለች፤ ነገ ደጃችን አምቡላንስ ይቆማል፤ አባቴ የጎረቤት ወንበር ይዋሳል። ይሄን ሁሉ ሳስብ ምንም አልተሰማኝም።   ሦስተኛው ከፍ ያለ ደውል ሲመታ ተረከዜን ከምንጣፉ አውጥቼ ጣውላው ላይ አደረግኩትና ማነቃነቅ ጀመርኩ። ሦስት ጊዜ አልመታሁም፤ ጥርስ ያወጣላ። ወረፋ የሰለቸው ሰው ጉልበቱን እንደሚያርገፈግፈው አድርጌ፣ በቀሚሴ ሥር፣ ድምፅ ሳላሰማ አርገፈገፍኩት። ዝቅ ያለው ሲመታ አቆምኩ። ከፍ ያለው ሲመታ ቀጠልኩ። ማራገቢያው ይጮኻል፣ አክስቴ በሐሳቧ ሩቅ ነች። መጨረሻው ላይ እግሬ የኔ አልመስል አለኝ፤ ግን እስከ መጨረሻው ደውል አላቆምኩም።

ዶክተር ፓሪን በሩን ከፍቶ ቆመ። መናገር የፈራ ይመስላል። «ደበዘዘ» አለ በመጨረሻ። «ሳይሰግዱ።» ማራይከ ገባች፤ ወረቀቱን ወደ ብርሃን አድርጋ አየችው። «የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ምንም የላቸውም» አለች። «ከሦስተኛው በኋላ ግን አለ።» ከዚያ ክፍሉን በዓይኗ ዞረችው፤ ሳጥኑን፣ ማራገቢያውን፣ አክስቴን፣ እኔን። እግሬን በቀሚሴ ሸፍኜ ተቀምጫለሁ፤ መነሳት አልቻልኩም ነበር። «ነገ ሳጥኑን ምድር ቤት አውርደን ሲሚንቶ ላይ እንደግመዋለን» አለች። «ከዚያ በፊት እኔ ምንም አልልም።»

«ዛሬስ?» አለች አክስቴ ለዶክተር ፓሪን። «ዛሬ ሰማኝ?»

እሱ ፈረንጇን አየ። ፈረንጇ ወረቀቷን አየች። «የዛሬው ወረቀት የሚለው እንደዚያ ነው፣ እማሆይ» አላት። ስለ ወለሉ ሊነግራት ቃል የገባውን አልነገራትም። ሳይሰግዱ ከደበዘዘ ምኑን ይነግራታል።

ሆስፒታሉ ውስጥ ለሊፍቱ ከሰው ጋር ተጋፍተን ቆምን። እኔ አንድ እግሬን እየጎተትኩ ነው የምሄደው። ስድስተኛ ፎቅ ኮሪደሩ ላይ አስታማሚዎች ምንጣፍ ዘርግተው ሩዝ ይበላሉ፤ አንዲት ሴትዮ ተነስታ ለአክስቴ መንገድ ለቀቀችላት። እናቴ የዮትን እግር በእርጥብ ፎጣ ትጠርጋለች፣ በየጣቶቹ መሃል። አባቴ ማንም የማይበላውን ብርቱካን በፌስታል ይዞ መስኮቱ ጋ ቆሟል። ማሽኑ ይተነፍሳል። አክስቴ ግርጌው ቆማ አየችው። እንዲህ ስታየው ብዙ ጊዜ አይቻታለሁ፤ የዛሬው ረዘመ። ሐኪሙ መጥቶ በር ላይ ቆመ፣ ጠበቀ፣ ተመልሶ ሄደ።

«ሰማኝ» አለች።

አባቴ ፌስታሉን ወለሉ ላይ አስቀመጠ። እናቴ ቀና አላለችም። እኔ ተንፈስ አልኩ፤ ቆየልን አልኩ በሆዴ።

«ፈረንጇ ፊት፣ ሳልሰግድ፣ ሰማኝ። አሁን አወቅኩት።» ድምፅዋ ዋጋ እንደምትጠይቅ ሰው ድምፅ ነበር። «ዝናቡን ሙሉ እዚህ እየመጣሁ ጠርቼዋለሁ። ሳይመልስልኝ ሲቀር ጥፋቱ የኔ ነው እል ነበር፤ ሐሳቤ ደካማ ነው፣ ልጄ ግን ውስጥ አለ። ዛሬ ብርሃኑ ባይሰማኝ ኖሮ አሁንም እንደዚያ እል ነበር። ተዉት ይጠብቀኝ፣ እኔ ልበርታ እላችሁ ነበር። ብርሃኑ ሰማኝ። እሱ አይሰማኝም። ስለዚህ የለም። ወደ ቤት ውሰዱት።»

«ይቆዩ እንጂ፣ እማሆይ» አለ አባቴ። «ምን አስቸኮለዎት? ሳምንቱን እንኳ...»

«ያሳደግከው አንተ ነህ» አለችው። «አይሆንም ካልክ አይሆንም። በል።»

አባቴ አፉን ከፈተ። ዮትን አየው፣ እናቴን አያት። «እኔ እንጃ» አለና ብርቱካኑን መልሶ አነሳው።

«እሺ፣ እቴቴ» አለች እናቴ። ፎጣውን ጨምቃ የአልጋው ብረት ላይ ሰቀለችው።

«አክስቴ፣ ነገ ይደግሙታል እኮ» አልኩ። «ሲሚንቶ ላይ። እስከ ነገ ብትቆዪ።»

«ነገም እሄድላቸዋለሁ፤ ቃል ሰጥቻለሁ። ለኔ የዛሬው በቃኝ።»

«እግሬ» አልኩ።

ሁሉም ዞረው አዩኝ። «እግርሽ ምን ሆነ?» አለች እናቴ። አክስቴ ግን ወደኔ አልዞረችም። ከግርጌው ተነስታ ወደ ራስጌው ሄዳ ነበር፤ መዳፏን ግንባሩ ላይ አድርጋ፣ ፀጉሩን በአውራ ጣቷ ወደ ኋላ ትመልሰዋለች። ከተገጨ ወዲህ ስትነካው የመጀመሪያዋ ነው። የሆነ ነገር ከላይዋ የወረደላት ትመስላለች።

«ደነዘዘኝ» አልኩ። «ብዙ ተቀምጬ ነው።»

እናቴ ከጡት መያዣዋ ገንዘብ አወጣችና ሰጠችኝ። «ውረጂና ሸሚዝ ግዢለት። ከፊት በቁልፍ የሚዘጋ ይሁን፤ እጁ ወደ ላይ አይነሳም።» ቤት ውስጥ የዮት ሸሚዞች እንዳሉ ታውቃለች፤ ራሷ ናት የተኮሰቻቸው። አዲስ ፈለገች።

ከሆስፒታሉ በር ፊት ለፊት ፒጃማ፣ ፔርሙስና የአዋቂ ዳይፐር የምትሸጥ ሴትዮ አለች፤ ላስቲክ ወጥራ፣ ትንሽ ማራገቢያ አንገቷ ላይ አንጠልጥላ።

«ለታማሚ ነው?» አለችኝ።

«ለወንድሜ።»

«ሊወጣ ነው?»

«አዎ፣ ወደ ቤት ሊሄድ ነው።»

«እሰይ፣ የኔ ልጅ። ቁጥሩ ስንት ነው?»

«ላርጅ ነበር።»

«አሁንስ?»

አሁን ስንት እንደሆነ አስቤው አላውቅም። ከአንሶላው ሥር ትከሻው የት ጋ እንደሚያልቅ ለማስታወስ ሞከርኩ። «ሚዲየም» አልኩ። ሰማያዊ አወጣችና ሁለቱን ትከሻዎች ይዛ ፊቴ ዘረጋችው፤ ውስጡ ሰው እንዳለ አድርጋ ወዲያና ወዲህ አዟዟረችልኝ።

«ይሄ ልኩ ነው?»

«ትንሽ ይሰፋዋል» አልኩ። «ግን ይሁን።»